የሞቱትን መቁጠር፣ ያሉትን ማዳን

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ሞት ነው። ሆኖም የምንማረው ለማዘን አይደለም፤ በሕይወት ያለነው እንዴት እንደምንጠበቅ ለማወቅ ነው።

ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ አንድ ደብተር ነው። በቤተ ክርስቲያናችን ቢሮ ፍትሐት የሚደረግላቸውን ሰዎች ስም የምጽፍበት መዝገብ አለኝ። አሮጌው ደብተር ስለ ተቀደደ ስሞቹን ወደ አዲስ ደብተር ስገለብጥ አንድ ነገር አየሁ። አገር ቤት በልጅነቴ በደብራችን ያገለገልሁበት መዝገብ የሽማግሌዎችና የሕፃናት ስም የሞላበት ነበር። ይኸኛው ግን ሃያ ሁለት ዓመት፣ ሃያ ስድስት ዓመት፣ ሠላሳ አንድ ዓመት እያለ ይወርዳል። «የሞተችበት ምክንያት» በሚለው ረድፍ ደግሞ ብዙው ቦታ ባዶ ነው። ስሟን ያስመዘገበችው ጓደኛዋም አታውቅም፤ «ወደቀች አሉ»፣ «ድንገት ነው አሉ» ብላ ትሄዳለች።

ያ ባዶ ረድፍ ነው ይህን ትምህርት ያመጣው። ሰው በምን እንደሚሞት ካልተጻፈ፣ ሌላው በዚያው ምክንያት እንዳይሞት ማን ይጠብቀዋል? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እዚህ በምንጠቀምበት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. ሰው የሚሞትበት ምክንያት ከዘመን ዘመን ይለወጣል

አያቶቻችንን ስንት ልጅ እንደ ወለዱ ብንጠይቃቸው ሁለት ቁጥር ይነግሩናል፤ የወለዱትንና ያደገላቸውን። ኩፍኝ፣ ወባ፣ ተቅማጥና ረሃብ ልጆችን ይወስዱ ነበር። እናቶችም በወሊድ ይሞቱ ነበር። እርጅና ደርሶበት የሚሞት ሰው እንደ ዕድለኛ ይቆጠር ነበር።

ዐብደል ዑምራን የተባለ በግብፅ የተወለደ የሕዝብ ጤና ምሁር በ1971 ባወጣው ጽሑፍ ይህን ነገር በሥርዓት አስቀምጦታል። በእርሱ አገላለጽ የሰው ልጅ ሦስት ዘመናትን ያልፋል። በመጀመሪያው ዘመን ቸነፈርና ረሃብ ይገድላሉ፤ ዕድሜም አጭር ነው። በሁለተኛው ወረርሽኝ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሕፃናት ያድጋሉ። በሦስተኛው ዘመን ሰዎች ረጅም ዕድሜ ስለሚኖሩ የሚሞቱት ቀስ በቀስ በሚመጡ በሽታዎች ይሆናል፤ በልብ ሕመም፣ በደም ግፊት፣ በስኳር፣ በካንሰር። ዑምራን በዚህ በሦስተኛው ክፍል ውስጥ ሰው ራሱ ያመጣቸውን የሞት ምክንያቶችም አስገብቷል።

መንግሥታት ይህን ለውጥ ማወቅ ያስፈልጋቸዋል። ሕዝቡ በወባ እየሞተ ገንዘቡን ሁሉ ለልብ ቀዶ ሕክምና ቢያወጡ ከንቱ ነው። ሕዝቡ በደም ግፊት እየሞተ ስለ ወባ ብቻ ቢያስተምሩም እንዲሁ። ስለዚህ የጤና ፖሊሲ ከሁሉ በፊት «ማን ሞተ? በስንት ዓመቱ? በምን?» ብሎ መጠየቅ አለበት።

ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በለንደን ከተማ በየአጥቢያው ያሉ የቤተ ክርስቲያን ጸሐፊዎች በየሳምንቱ የሞቱትን ሰዎች ቁጥርና ምክንያት ይጽፉ ነበር። ጆን ግራውንት የተባለ ነጋዴ እነዚያን ወረቀቶች ሰብስቦ አጥንቶ በ1662 መጽሐፍ አወጣ። ግራውንት ሐኪም አልነበረም። ነገር ግን ሰው በተናጠል ሲያየው የእግዚአብሔር ቁጣ ወይም ክፉ ዕድል የሚመስለው ሞት፣ ተሰብስቦ ሲቆጠር ሥርዓት ያለው ነገር ሆኖ እንደሚታይ አሳየ።

2. የአዲስ አበባ የመቃብር ሥፍራዎች ያስተማሩን

ወደ አገራችን እንምጣ። በኢትዮጵያ ልደትና ሞት በአገር አቀፍ ደረጃ መመዝገብ የጀመረው በነሐሴ 2016 ነው። ከዚያ በፊት ብዙው ሰው ያለ ወረቀት ይወለድ፣ ያለ ወረቀትም ይቀበር ነበር። ታዲያ ኤድስ በከተማው ላይ በበረታበት ጊዜ ስንት ሰው እንደሚሞት እንዴት ይታወቅ?

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከ2001 ጀምሮ ጥሩ መንገድ አገኙ። ሰው ያለ ወረቀት ቢሞትም ያለ መቃብር አይቀበርም፤ ስለዚህ በከተማው ባሉት የክርስቲያንና የእስላም የመቃብር ሥፍራዎች ለቀብር የሚመጣውን ሁሉ ማስመዝገብ ጀመሩ። የሟቹ ዕድሜ፣ ጾታ፣ የኖረበት ቦታ፣ ቤተሰቡም የሞቱ ምክንያት ነው የሚለው ይጻፋል።

በዚያን ዘመን «ልጄ በኤድስ ሞተ» የሚል ቤተሰብ ጥቂት ነበር። «ሳንባ ነው» ይባል ነበር፤ ሌላም ስም ይሰጠው ነበር። ቢሆንም ዕድሜውን መደበቅ አይቻልም። ሽማግሌ መሞት በሚገባው ቦታ የሃያና የሠላሳ ዓመት ወጣቶች ተደርድረው ተገኙ። ቤተሰብ በቃል ያልተናገረውን መዝገቡ በቁጥር ተናገረ።

በ2005 የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን በነፃ መሰጠት ጀመረ። የመቃብር ሥፍራዎቹ መዝገብ በቀጣዮቹ ዓመታት የወጣቶቹ ሞት እጅግ መቀነሱን አሳየ። መድኃኒቱ እንደሚሠራ በሆስፒታል ሳይሆን በመቃብር በር ላይ ተረጋገጠ ማለት ነው።

ሌላም ያልተጠበቀ ነገር ታየ። ከ2006 እስከ 2009 በአዲስ አበባ የሞቱትን አዋቂዎች ምክንያት ሲያጠኑ፣ ከመቶ 51 ያህሉ የሞቱት ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ሆነው ተገኙ፤ በልብና በደም ሥር ሕመም፣ በካንሰር፣ በስኳርና በመሳሰሉት። በተላላፊ በሽታ፣ በወሊድና በምግብ እጥረት ምክንያት የሞቱት 42 ያህል ነበሩ፤ በአደጋና በጉዳት የሞቱት ደግሞ ወደ 6። «ደም ግፊት የሀብታም በሽታ ነው» የሚለው አባባል በመዝገቡ ፊት አልቆመም። ከዚህ ወዲህ የአገራችን ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከወባና ከቲቢ ጎን ስለ ደም ግፊት፣ ስለ ስኳርና ስለ ካንሰርም ማቀድ ግድ ሆነበት።

3. አማካይ ቁጥር የሚደብቀው

የሕፃናትንም ነገር እንመልከት። በአገራችን በየጥቂት ዓመቱ በሚደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ በሕይወት ከተወለዱ 1,000 ልጆች መካከል አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት በ2000 ጥናት 166 ነበሩ። በ2005 ወደ 123፣ በ2011 ወደ 88፣ በ2016 ደግሞ ወደ 67 ወረዱ። በወሊድ ምክንያት የሚሞቱ እናቶችም ከ100,000 ወሊድ በ2000 ጥናት 871 የነበሩት በ2016 ጥናት 412 ሆኑ።

ይህ በራሱ አልመጣም። ልጆች የሚሞቱት በአብዛኛው በቀላሉ ሊከላከሉት በሚቻል ነገር መሆኑ ስለ ታወቀ፣ መንግሥት ከ2003 ጀምሮ የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አቋቋመ። በየቀበሌው ሁለት፣ ሁለት ሴቶች ለአንድ ዓመት ሠልጥነው ተመደቡ። ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። ስለ ክትባት፣ ስለ መጸዳጃ ቤት፣ ስለ አጎበር፣ ስለ እርግዝና ክትትል ቤት ለቤት እየዞሩ አስተማሩ። ከእናንተ መካከል እኅታቸው ወይም የአክስታቸው ልጅ በዚህ ሥራ ላይ ያለች ብዙዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁ። የሺሕ ሕፃናትን ነፍስ ያተረፉት ዐሥረኛ ክፍል የጨረሱ የገጠር ልጃገረዶች መሆናቸውን ልብ በሉ።

ነገር ግን በዚያው በ2016 ጥናት ሌላ ነገር አለ። 67 የሚለው የአገሪቱ አማካይ ነው። ለየክልሉ ሲከፈል በአዲስ አበባ 39፣ በአፋር ግን 125 ነው። አንድ አገር፣ አንድ ዓመት፣ አንድ ፖሊሲ ነው፤ ይሁንና በአፋር የተወለደ ልጅ የመሞት ዕድሉ በአዲስ አበባ ከተወለደው ከሦስት እጥፍ በላይ ነው። ቀበሌ ላይ ለሚኖር ገበሬ የተሠራው አገልግሎት ከግመሉ ጋር ለሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር እንደዚያው አይመችም።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ያልተቆጠረ ሞት ፖሊሲ አያገኝም። ሁለተኛ፣ ተቆጥሮም ቢሆን በአማካይ ውስጥ የተዋጠ ሰው ይረሳል። እነዚህን ሁለቱን ይዘን አሁን ወደምንኖርበት ከተማ እንሂድ።

4. በሊባኖስ ማን ይቆጠራል?

ሊባኖስ ከ1932 ወዲህ ይፋዊ የሕዝብ ቆጠራ አድርጋ አታውቅም። በዚህ አገር የሕዝብ ቁጥር የፖለቲካ ጉዳይ ስለሆነ መንካት ይፈራል። ሆኖም የሊባኖስ ሰዎች በምን እንደሚሞቱ ይታወቃል፤ አብዛኞቹ የሚሞቱት በልብ ሕመም፣ በካንሰር፣ በስኳርና በመሳሰሉት ነው። በዑምራን አከፋፈል ሦስተኛው ዘመን ላይ ናቸው።

የአገሩም ጤና አጠባበቅ በዚያው ልክ የተሠራ ነው። ከ1975 እስከ 1990 በነበረው የእርስ በርስ ጦርነት የመንግሥት ሆስፒታሎች ስለ ተዳከሙ የግል ሆስፒታሎች በዝተው አደጉ። የልብና የካንሰር ሕክምና በስፋት ይሰጣል። በ2011 ደግሞ ሲጋራ በተዘጋ ቦታ እንዳይጨስ የሚከለክል 174 ቁጥር ሕግ ወጣ፤ አፈጻጸሙ ቢላላም ሐሳቡ የመጣው ከዚሁ የሞት መዝገብ ነው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ እኛ የት ነን? ስንመጣ ደማችን ይመረመራል፣ ደረታችን ራጅ ይነሣል፤ ተላላፊ በሽታ ወይም እርግዝና እንዳለብን ይታያል። ጤነኛ ካልሆንን እንመለሳለን። ምርመራው በአመዛኙ የቤቱን ሰው ከእኛ ለመጠበቅ የተሠራ ነው። ከዚያ በኋላ መኖሪያ ፈቃድ (ኢቃማ) ሲወጣ አሠሪው ከግል ኩባንያ ኢንሹራንስ ይገዛልናል። ኢንሹራንሱ ሆስፒታል ለተኛችና አደጋ ለደረሰባት ነው፤ ብትሞት ሬሳዋን ወደ አገሯ ለመላክም ይከፍላል። ዕለት ዕለት የሚወሰድ መድኃኒትን፣ ጥርስንና ተራ ምርመራን ግን ብዙውን ጊዜ አይሸፍንም። ከቤቱ የወጣችና ኢቃማዋ ያለፈባት ደግሞ ያው ኢንሹራንስም የላትም።

5. የእኛ ሞት መዝገብ ምን ይላል?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። እስቲ አስቡት። የመጣነው ተመርምረን ጤነኞች ሆነን ነው። ዕድሜያችን ሃያና ሠላሳ ነው። በዚህ ዕድሜ ያለች ጤነኛ ሴት በበሽታ የምትሞተው ጥቂት ነው። ታዲያ በደብተሬ ላይ ያሉት እኅቶች በምን ሞቱ?

ሂዩማን ራይትስ ዎች የተባለው የሰብአዊ መብት ድርጅት በቤይሩት ካሉ ኤምባሲዎችና ቆንስላዎች መረጃ ሰብስቦ በነሐሴ 2008 አንድ ቆጠራ አወጣ። ከጥር 2007 ጀምሮ ባሉት ሃያ ወራት ውስጥ ቢያንስ 95 የውጭ አገር የቤት ሠራተኞች በሊባኖስ ሞተዋል፤ በሳምንት ከአንድ ሰው በላይ ማለት ነው። ከ95ቱ መካከል 40ዎቹን ኤምባሲዎቻቸው ራሳቸውን እንዳጠፉ አድርገው መዝግበዋቸዋል። 24ቱ ከፎቅ ወድቀው የሞቱ ናቸው፤ ብዙዎቹም ከአሠሪያቸው ቤት ለማምለጥ ሲሞክሩ ነው። በበሽታ የሞቱት 14 ብቻ ነበሩ።

ይህን ከአዲስ አበባው መዝገብ ጋር አስተያዩት። በአዲስ አበባ ከሞቱት አዋቂዎች ዘጠና ከመቶ በላይ የሚሆኑት በበሽታ ሞተዋል። በቤይሩት ባሉት የቤት ሠራተኞች ዘንድ ግን ከ95 መካከል 64ቱ፣ ማለት ከሦስት ሁለት እጅ፣ በበሽታ ሳይሆን በመውደቅና ራስን በማጥፋት ስም ነው የተመዘገቡት። የሞቱት ብዛት ብቻ አይደለም የሚያስደነግጠው፤ አሟሟቱ ነው። መርዙ ከጀርም አይደለም። ከተቆለፈ በር፣ ከተወሰደ ስልክ፣ ካልተከፈለ ደመወዝ፣ ዕረፍት ከሌለው ሥራና ከብቸኝነት ነው።

«ራሷን አጠፋች» የሚለውም ቃል ሁልጊዜ እውነቱን ሁሉ አይናገርም። ሲመረመር የአሠሪው ቃል ብቻ ከተጻፈ፣ አስተርጓሚ ካልተገኘ፣ ጎረቤት ቤት ያለችው ሠራተኛ ካልተጠየቀች፣ የወደቀችውና የተገፋችው፣ ያመለጠችውና ተስፋ የቆረጠችው በአንድ ስም ይጠራሉ።

6. ቆጠራው ምን ለወጠ? ምንስ አልለወጠም?

ይህ ቁጥር በጋዜጣ ሲወጣ ዝም ማለት አልተቻለም። በጥር 2009 የሊባኖስ የሥራ ሚኒስቴር ለውጭ አገር የቤት ሠራተኞች ወጥ የሆነ የሥራ ውል አወጣ። በውሉ መሠረት ሥራ በቀን ከዐሥር ሰዓት አይበልጥም፤ በሌሊት ቢያንስ ስምንት ሰዓት ተከታታይ ዕረፍት አለ፤ በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ዕረፍት ይሰጣል፤ ደመወዝ በየወሩ ይከፈላል። በደንብ ካየነው ይህ የጤና መመሪያ ነው። እንቅልፍ፣ ዕረፍትና ደመወዝ ያላት ሴት ከበረንዳ አትወርድም።

ችግሩ የሚያስፈጽመው ማጣቱ ነው። የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ የቤት ሠራተኞችን ከነጭራሹ አያካትትም። በመስከረም 2020 የተሻለ ውል ወጥቶ ነበር፤ ሠራተኛዋ ሥራ እንድትለቅና ፓስፖርቷን እንድትይዝ ይፈቅድ ነበር። የሠራተኛ አስመጪ ቢሮዎች ባለቤቶች ተቃውመው ከሰሱ፤ የአገሩ ከፍተኛ የአስተዳደር ፍርድ ቤትም በጥቅምት 2020 አገደው።

የአገራችን መንግሥት ደግሞ በ2008 ዜጎቹ ለሥራ ወደ ሊባኖስ እንዳይመጡ ከለከለ። በ2013ም ወደ መካከለኛው ምሥራቅ ሁሉ ለቤት ሥራ መሄድን አግዶ በ2018 እገዳውን አነሣ። ከእናንተ ብዙዎቹ የመጣችሁት በእገዳው ጊዜ ነውና ውጤቱን ታውቁታላችሁ። መንገዱ አልተዘጋም፤ ተጣመመ እንጂ። በሌላ አገር ዞራችሁ፣ ያለ ተመዘገበ ውል፣ የበለጠ ዕዳ ተሸክማችሁ መጣችሁ። ለሞት ቁጥር የተሰጠው መልስ የሞቱን ምክንያት ሳይነካ ሲቀር እንዲህ ይሆናል።

ስለዚህ ቁጥሩ አልወረደም። ከሊባኖስ የጸጥታ መሥሪያ ቤት (አምን ዓም) በተገኘው መረጃ ከጥር 2016 እስከ ሚያዝያ 2017 ድረስ 138 የቤት ሠራተኞች አስከሬን ወደየአገራቸው ተልኳል። ይህ በሳምንት ሁለት ሰው ነው።

ከዚያ በኋላ የመጡትን ዓመታት አብረን አይተናቸዋል። በ2019 የሊራው ውድቀት መጣ። በ2020 ኮሮና ተጨመረበት፤ አሠሪዎች ደመወዝ መክፈል ሲያቅታቸው እኅቶቻችንን ከነሻንጣቸው በሐዝሚየ ቆንስላችን በር ላይ ጥለዋቸው ሄዱ። በነሐሴ 4 ቀን 2020 የወደቡ ፍንዳታ ከ200 በላይ ሰዎችን ገደለ፤ በአሽራፊየና በካራንቲና ያሉ ሆስፒታሎችም አብረው ፈረሱ። በመስከረም 2024 ጦርነቱ ሲበረታ ደግሞ አንዳንድ አሠሪዎች ከደቡብና ከዳሕየ ሸሽተው ሠራተኛቸውን ቤት ጠብቂ ብለው ትተዋት ሄዱ። ለተፈናቃይ የተከፈቱ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሊባኖስ ዜጋ ያልሆነውን አልተቀበሉም። በአሽራፊየ ያለው የኢየሱሳውያን የቅዱስ ዮሴፍ ቤተ ክርስቲያን ግን በሩን ከፍቶ ብዙ ስደተኞችን አስጠልሏል። አደጋ ለሁሉ እኩል ይመጣል ይባላል። መጠለያው ግን እኩል አይደለም።

7. ቀስ ብሎ የሚመጣው ደግሞ አለ

እስካሁን ስለ ድንገተኛ ሞት ተናገርን። ነገር ግን ማኅበራችን ራሱ እየተለወጠ ነው። በሃያ ዓመታቸው የመጡት ዛሬ አርባና አርባ አምስት ሆነዋል። ወደ ዑምራን ሦስተኛው ዘመን እየገባን ነው፤ የሦስተኛው ዘመን ሕክምና ግን የለንም።

አንዲት እኅታችን፣ በቡርጅ ሐሙድ ከጓደኞቿ ጋር ቤት ተከራይታ የምትኖር፣ ለወራት ራሷን ያማት ነበር። «የክሎሪን ሽታ ነው» ትል ነበር፤ ፓናዶል ውጣ ሥራ ትሄዳለች። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነርስ የሆነች እኅት ደም ግፊቷን ስትለካው የላይኛው 190 ሆነ። ወደ አንድ ሕክምና ቦታ ይዣት ሄድሁ። በር ላይ መጀመሪያ የጠየቁን «ኢቃማ አላት?» ብለው ነው፤ ሁለተኛ «ማን ይከፍላል?» ብለው። ግፊቷን የጠየቀን የለም። በሌላ ቦታ መድኃኒት አግኝታ ዛሬ ደኅና ናት። ያን ቀን ባትለካ ኖሮ ግን በደብተሬ ላይ «ድንገት ነው አሉ» ተብላ ትጻፍ እንደ ነበር አልጠራጠርም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ደም ግፊት ካለባቸው አዋቂዎች ግማሽ የሚጠጉት እንዳለባቸው አያውቁም። ምልክት ላይኖረው ይችላል። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይባላል፤ እዚህ ግን በሽታው ራሱ ከባለቤቱ ይደበቃል።

8. እኛ ምን ማድረግ እንችላለን?

ሕግ ማውጣት በእጃችን አይደለም። የሚከተለው ግን በእጃችን ነው።

ሀ) ተለኩ። በዓመት ቢያንስ አንድ ጊዜ ደም ግፊታችሁን አስለኩ፤ ከተቻለ ስኳርንም። ደጋግሞ ሲለካ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከሆነና ካለፈ ሐኪም ማየት ያስፈልጋል። መድኃኒት ከተጀመረ «ተሽሎኛል» ብላችሁ አታቋርጡት። ጨው በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ አይብለጥ።

ለ) የአንዲት እኅት ፊቷ በአንድ ወገን ከተጣመመ፣ አንድ እጇ ከከበዳት ወይም ንግግሯ ከተሳሰረ ድካም ነው ብላችሁ አታስተኟት። ወዲያው ለቀይ መስቀል በ140 ደውሉ።

ሐ) ከበረንዳና ከመስኮት አትውረዱ። በገመድም በአንሶላም ቢሆን። በር ቢቆለፍባችሁ ለፖሊስ 112 ይደወላል። ስልክ ለሌላት እኅት ጎረቤት ያለችው ትደውልላት። በአጠገባችሁ ፎቅ የተቆለፈባት ሠራተኛ እንዳለች ካወቃችሁ የሕንፃውን ስምና የሰፈሩን አድራሻ ጻፉና ለምታምኑት ሰው ስጡ። ካሪታስ ሊባኖስ ከ1994 ጀምሮ ለስደተኛ ሠራተኞች የተለየ ማዕከል አለው፤ ቢሯችንም ያገናኛችኋል።

መ) ዝም ያለችውን ጠይቁ። መብላት ያቆመች፣ የማትተኛ፣ ዕቃዋን ለሰው የምታድል፣ «ብሞት ይሻለኛል» የምትል እኅት ካለች አትቆጧት፤ «ኃጢአት ነው» ብላችሁም አትሸሿት። አጠገቧ ተቀመጡ። «ራስሽን ለመጉዳት አስበሻል ወይ?» ብላችሁ በቀጥታ ጠይቋት። መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣባትም፤ ባለሙያዎች እንደሚሉት እንዲያውም ያቀልላታል። ብቻዋን አትተዉአት። በ1564 የሚገኘው የሊባኖስ የስሜት ድጋፍ መስመር በዐረብኛ፣ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ ይመልሳል። ቋንቋው ካስቸገራት አብራችኋት ደውሉ። ይህን እያነበብሽ ያለሽ አንቺ ራስሽ እንዲህ ከሆንሽ፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሪ። ሸክም አትሆኚም።

ሠ) ሞትን አስመዝግቡ። እኅት ስትሞት መዋጮ መሰብሰባችንና ለቤተሰብ መርዶ መንገራችን መልካም ነው። በዚያ ላይ ሙሉ ስሟን፣ ዕድሜዋን፣ የሞተችበትን ቀንና ቦታ፣ የሰማችሁትንና ያያችሁትን ለይታችሁ ጻፉ። የሕግ ሐኪም (እዚህ ጠቢብ ሸርዒ የሚሉት) የሰጠውን ወረቀት ቅጂ ቤተሰቧ በኤምባሲው በኩል እንዲጠይቁ ንገሯቸው። እኔም በአዲሱ ደብተር ላይ ያንን ረድፍ ባዶ እንዳልተወው ወስኛለሁ። የማላውቀውን «አልታወቀም» ብዬ እጽፋለሁ፤ «አልታወቀም» የሚለው ራሱ ሲበዛ የሚናገረው ነገር አለውና።

ማጠቃለያ

በአዲስ አበባ የመቃብር ጠባቂዎች የጻፉት መዝገብ ስለ መድኃኒት ተናገረ። በገጠር የተቆጠረው የሕፃናት ሞት ሠላሳ ሺሕ ሴቶችን ወደ ሥራ አሰማራ። በቤይሩት የተቆጠሩት 95 እኅቶች አንድ ውል አስጻፉ፤ ውሉ ገና በሚገባ አልተፈጸመም። ሥራው አላለቀም ማለት ነው። ቁጥር ብቻውን ሰው አያድንም። ያልተቆጠረ ሰው ግን እንደሌለ ይታያል፤ ለሌለ ሰው ደግሞ ሕግም፣ ሐኪምም፣ መጠለያም አይዘጋጅም።

የመወያያ ጥያቄዎች (በእሑድ ስብሰባችን ላይ)

1. በአያቶቻችሁ ዘመን በመንደራችሁ ሰው በብዛት የሚሞተው በምን ነበር? ዛሬስ? ምን ለወጠው?

2. የኢትዮጵያ አማካይ 67 ሲሆን በአፋር 125 የሆነው ለምንድን ነው? በእኛስ መካከል፣ ቤት ውስጥ በምትሠራውና ፍሪ በወጣችው፣ ኢቃማ ባላትና በሌላት መካከል ምን ዓይነት የጤና ልዩነት አለ?

3. ከ2009ኙ ውል ውስጥ በእናንተ ቤት የሚፈጸመው የትኛው ነው? የማይፈጸመውስ ጤናችሁን እንዴት ይነካል?

4. በዚህ ወር ድምፅዋን ያልሰማችኋት አንዲት እኅት ማን ናት? ማንስ ይደውልላታል?

በስብሰባው ላይ የደም ግፊት መለኪያ ይኖራል። ሁላችሁም እጃችሁን ይዛችሁ ኑ። እስከሚቀጥለው እትም ቸር ይግጠመን።